ውድ ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ካሜራ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። ሰርግ የሚሠራ ልጅ ይደውላል፤ ወይም አራት ኪሎ ካፌ በረንዳ ላይ ካሜራዬን ያየ ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። «ላይካ ልገዛ አስቤያለሁ። ኤም10 ይሻላል ኤም11? ወይስ ያለኝን ሶኒ በአዲስ ልቀይረው?» ላይካ የጀርመን ካሜራ ሠሪ ነው፤ ኤም የሚባሉት ሬንጅፋይንደሮቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ለብቻ ሳስረዳ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ልጻፈውና የሚጠይቅ ሁሉ ያንብበው።

«የቱን ሞዴል» የሚለው ጥያቄ እዚህ መመሪያ ላይ አምስተኛ ደረጃ ላይ ነው የሚመጣው። አራቱን ዘሎ የገዛ ሰው ካሜራውን በስድስት ወር ውስጥ ሲሸጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ አሠራሩ ይስማማችሁ እንደሆነ እወቁ። ሞዴሉ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ሬንጅፋይንደር ካሜራ ላይ የምታዩት በሌንሱ በኩል አይደለም። ካሜራው ግራ ጥግ ላይ ባለች የመስታወት መስኮት ነው። መሃሏ ላይ ደመቅ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። እዚያች ውስጥ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ። አንዱ በአንዱ ላይ ልክ ሲገጥም ፎከሱ ተይዟል ማለት ነው። አውቶፎከስ የለም። ዙም የለም። ይህ ለአንዱ ነፃነት ነው፣ ለሌላው ራስ ምታት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አሁን ያላችሁ ካሜራ፣ ከአንድ ዙም ያልሆነ ሌንስ ጋር
- የወረቀት ፕላስተር
- ደብተርና እስክሪብቶ
- 16 ወይም 32 ጊጋባይት የሆነ የራሳችሁ ሚሞሪ ካርድ (አሮጌው የላይካ ሞዴል ኤም9 ከ32 በላይ አይቀበልም)
- ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ
- የእጅ ባትሪ፤ የስልክም ይሆናል
- የጋዜጣ ገጽና 30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ
- አየር መንፊያ ጎማና ንጹህ የሌንስ ጨርቅ
- ሊገዛ ለታሰበው ካሜራ የሚገጥም ሁለተኛ ሌንስ፣ ከሰው ተውሳችሁም ቢሆን

ደረጃ 1፦ ሁለት ሳምንት ባላችሁ ካሜራ ተለማመዱ

35 ሚሊሜትር ሌንስ ግጠሙ። ካሜራችሁ ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚቀይረው ክፍል) ያለው ከሆነ 23 ወይም 24 ይሁን። የኋላውን ስክሪን በፕላስተር ሸፍኑት። 3 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ላይ ፎከስ አድርጉና አውቶፎከሱን አጥፉ። ቀለበቱ እንዳይዞር እሱንም በፕላስተር ያዙት። ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርጉ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በትልቅ ሴንሰር በዚህ አቀማመጥ ከ1.9 ሜትር እስከ 7 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

አሁን ውጡ። ከአራት ኪሎ ተነሱ፣ በፒያሳ አድርጋችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል እስከ ለገሃር። 3 ሜትርን በዓይን ለመያዝ አንድ ዘዴ አለ። ካሜራውን አግድም ይዛችሁ አንድ የቆመ ሰው ከጫማው እስከ ራሱ በትንሽ ትርፍ ከገባላችሁ 3 ሜትር አካባቢ ላይ ናችሁ። ሁለት ቀን እንዲህ ስትለኩ ከዋላችሁ በሦስተኛው ቀን ካሜራውን ሳታነሡ ታውቁታላችሁ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ውዱ ካሜራ የሚሰጣችሁ ዋናው ነገር ይኸው አሠራር ነው። ርቀቱን በዓይን መገመት፣ ቀድሞ መዘጋጀት፣ ስክሪን አለማየት። ሁለት ሳምንት ሠርታችሁ «አውቶፎከሱ ናፈቀኝ» ካላችሁ መልሱን አገኛችሁ፤ ምንም ብር አላወጣችሁም። ፕላስተሩን ማንሣት ካላሰኛችሁ ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

ከሶቪየት ዘመን የቀረ ዞርኪ ወይም ፌድ የሚባል የፊልም ሬንጅፋይንደር ያለው ሰው ከተገኘም ለግማሽ ሰዓት ተዋሱት። ፊልም አያስፈልገውም። በመስኮቱ እያያችሁ ሁለቱን ምስሎች ማገናኘት ብቻ ተለማመዱ። ከአዲሶቹ ይልቅ ደብዛዛ ነው፤ እጃችሁ ግን ነገሩን ይይዘዋል።

ደረጃ 2፦ ሥራችሁን ቁጠሩ

ያለፈው ዓመት የተከፈላችሁባቸውን ፎቶዎች ክፈቱ። 100 ምረጡና ደብተር ላይ በሦስት ክፈሉ፦

ሀ. ከ75 ሚሊሜትር በላይ በሆነ ሌንስ የተነሡ
ለ. ወደ ካሜራው እየመጣ ያለ ወይም የሚጨፍር ሰው ያለባቸው
ሐ. ከ70 ሳንቲሜትር ባነሰ ርቀት የተነሡ፦ ቀለበት፣ ስኒ ላይ የተቀዳ ቡና፣ የጥልፍ ጠርዝ

ሦስቱም ለሬንጅፋይንደር አስቸጋሪ ናቸው። ረጅም ሌንስ ስትገጥሙ መስኮቱ ውስጥ የምታዩት ክፈፍ እጅግ ትንሽ ይሆናል። የሚንቀሳቀስን ሰው በእጅ መከተል ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ቅርቡም ቢሆን ሬንጅፋይንደሩ የሚደርሰው እስከ 70 ሳንቲሜትር ነው።

ከ100ው አንድ ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ ከሦስቱ ውስጥ ከወደቀ፣ ሬንጅፋይንደር ሁለተኛ ካሜራችሁ እንጂ ዋናችሁ ሊሆን አይችልም። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ሶኒውን ሸጦ ላይካ የገዛ ሰርግ ሠሪ፣ በየቅዳሜው ሶኒ እየተከራየ ሲሠራ አይቻለሁ። የዳቦ መግዣውን ዕቃ አትሽጡ።

የምትፈልጉት ትንሽና ዝምተኛ ካሜራ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ፉጂ ኤክስ100ቪአይ በ2024 እ.ኤ.አ. በ1,599 ዶላር ነው የወጣው። 40 ሜጋፒክስል ነው፣ አውቶፎከስ አለው። ላይካ ኪው3 በ2023 በ5,995 ዶላር ወጣ። 60 ሜጋፒክስልና የማይፈታ 28 ሚሊሜትር ሌንስ አለው፤ እሱም አውቶፎከስ ነው። መልካቸው ሬንጅፋይንደር ይመስላል እንጂ አይደሉም። ለብዙ ጠያቂዎቼ ግን ትክክለኛው መልስ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ደረጃ 3፦ ዓይናችሁን ፈትሹ

መነጽር የምታደርጉ ይህን አትዝለሉ። የላይካ ኤም መስኮት የሚሠራው ለ−0.5 ዲዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) ነው። መነጽር አድርጋችሁ ስታዩ የ28 ሚሊሜትሩ ክፈፍ ጥግ ጥጉ አይታያችሁም፤ ዓይናችሁን ግራ ቀኝ ማንከባለል ይኖርባችኋል። በቅርብ ወይም በርቀት ማየት ብቻ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መስኮቱ ላይ የሚጠመዘዝ ማረሚያ መስታወት አለ። አስቲግማቲዝም ካለባችሁ ግን በመነጽራችሁ ነው የምትሠሩት፤ ስለዚህ 35 ወይም 50 ሌንስ አስቡ።

ደረጃ 4፦ ጠቅላላ ወጪውን በወረቀት አስፍሩ

የቦዲው (ሌንስ የሌለው ካሜራው) ዋጋ ግማሹ ታሪክ ነው። ደብተሩ ላይ እነዚህን በየመስመሩ ጻፉ፦ ቦዲ፣ አንድ ሌንስ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንሰው ጥቁር መስታወት)፣ የማጓጓዣ፣ የጉምሩክ ቀረጥና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በመጨረሻም የጥገና መጠባበቂያ።

ሁሉንም በዶላር ጻፉት። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንኮቹ ተመን ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በብር የሠራችሁት ሒሳብ ከሁለት ወር በኋላ አይሠራም። ወደ ብር የምትመልሱት በምትከፍሉበት ሳምንት ይሁን።

የጥገና መጠባበቂያው ለምን? ፒያሳና አካባቢው ያሉ ጠጋኞች ካኖንና ሶኒ ላይ እጃቸው የተፈታ ነው። የኤም ሬንጅፋይንደር ማስተካከል ግን ሌላ ሙያ ነው። የላይካ ዋናው የጥገና ማዕከል ቬትስላር፣ ጀርመን ነው ያለው። ደርሶ መልስ መላኪያውን ዛሬውኑ አስቡት። ለጥገና ስትልኩም አስቀድማችሁ ጉምሩክ ሄዳችሁ ለጊዜው የሚወጣ ዕቃ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ። ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ እንዳይቆጠርባችሁ ነው።

ሒሳቡ ሲደመር ቦዲው ሌንሱን ከዋጠው፣ ቦዲውን አንድ ትውልድ ወደ ኋላ መልሱት። ሌንሱን አትቀንሱ። ጥሩ 35 ሚሊሜትር ከሦስት ቦዲ በላይ ያገለግላችኋል። ላይካ ራሱ የሠራው መሆንም የለበትም። የፎክትሌንደርና የዛይስ ኤም ሌንሶች በጣም ባነሰ ዋጋ ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ።

ደረጃ 5፦ አሁን ሞዴል ምረጡ

እዚህ ላይ ነው ሰው ዓይኑ አዋጅ የሚሆንበት። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ኤም9 (2009)። 18 ሜጋፒክስል፣ ሲሲዲ የሚባለው የቆየ ዓይነት ሴንሰር። በቀን ብርሃን የሚሰጠውን ቀለም ብዙ ሰው ይወደዋል። አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት ቁጥር) 2500 ላይ ያበቃል፤ ለደመራ ምሽት አይሆንም። ሴንሰሩን የሚሸፍነው መስታወት በጊዜ ብዛት የሚበላሽበት የታወቀ ችግር አለበት። ሴንሰሩ ተቀይሯል የሚል የጥገና ወረቀት ከሌለው አትግዙት።

ኤም 240 (2012)። 24 ሜጋፒክስል፣ ሲሞስ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ሴንሰር። በስክሪን እያዩ ማንሣት ይቻላል፣ ቪዲዮ አለው፣ ባትሪው ትልቅ ነው። 680 ግራም ይመዝናል፤ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ይሰማል። ለመጀመሪያ ገዢ ብዙ ጊዜ የምመክረው ይህን ነው።

ኤም10 (2017)። እሱም 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ቀጭን ነው፣ አይኤስኦውን ከላይ ባለ መዘውር ትቀይራላችሁ። መስኮቱ ከቀደሙት ሰፋ ብሎ ያሳያል። ቪዲዮ የለውም። ባትሪው በመደበኛው መለኪያ 210 ፎቶ ገደማ ነው፤ ሁለት ትርፍ ያስፈልጋል። ኤም10-አር (2020) ይኸው ሆኖ 40 ሜጋፒክስል ነው።

ኤም11 (2022)። 60 ሜጋፒክስል፤ ስትፈልጉ 36 ወይም 18 ማድረግ ይቻላል። 64 ጊጋባይት ውስጣዊ ማስቀመጫ አለው፣ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይደረጋል። መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ መሙላት ማለት ነው፤ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ባትሪው 700 ፎቶ ገደማ ይሄዳል። ሲወጣ 8,995 ዶላር ነበር። ኤም11-ፒ (2023) ማስቀመጫውን ወደ 256 ያሳድገዋል።

ኤም ኢቪ1 (2025)። ስሙ ኤም ቢሆንም ሬንጅፋይንደር የለውም። መስኮቱ ኤሌክትሮኒክ ነው። ሳታውቁ እንዳትገዙት።

ከወረቀት የማይገኝ ሁለት ልዩነት ልንገራችሁ።

አንደኛው ፀሐያችን ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ኤም10ን አይኤስኦ 100 አድርጋችሁ ሌንሱን ኤፍ 2 ላይ ብትከፍቱ የሚያስፈልገው የሻተር (ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋው መዝጊያ) ፍጥነት 1/6400 ሰከንድ ገደማ ነው። የካሜራው ሻተር የሚደርሰው 1/4000 ድረስ ነው። ፎቶው ይነጣል። ስለዚህ ኤንዲ ፊልተር ግድ ነው፤ ወይም ቀዳዳውን ማጥበብ። ኤም11 ከአይኤስኦ 64 ስለሚጀምር 1/4000 ልክ ልክ ይበቃዋል። ካልበቃም እስከ 1/16000 የሚሄድ ኤሌክትሮኒክ ሻተር አለው።

ሁለተኛው የታች ክዳኑ ነው። እስከ ኤም10 ድረስ ባትሪና ካርድ ለመቀየር የካሜራውን ሙሉ የታች ክዳን ታወልቃላችሁ። ጃን ሜዳ በጥምቀት ሕዝብ መሃል ቆማችሁ አስቡት። ካሜራው በግራ እጅ፣ አዲሱ ባትሪ በቀኝ፣ ክዳኑ ጥርስ ውስጥ፣ ከኋላ የሚገፋ ሰው አለ። ኤም11 ላይ ባትሪው ራሱ ክዳን ነው። ስቦ ማውጣት ብቻ ነው።

ኤም10 ኖሯችሁ ወደ ኤም11 ለመቀየር የምታስቡ፣ ምክንያታችሁ ባትሪው፣ ቻርጁ ወይም ፀሐዩ ከሆነ ያስኬዳል። ሜጋፒክስሉ ብቻ ከሆነ ቆዩ። ኤም11 ውስጡ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር የለውም። በ60 ሜጋፒክስል ትንሿ የእጅ መንቀጥቀጥ ቁልጭ ብላ ትታያለች። በ50 ሌንስ 1/60 ይበቃችሁ የነበረው አሁን 1/125 ወይም 1/250 ይጠይቃል። የላፕቶፑም ጉዳይ አለ፤ ፋይሉ ስለሚያብጥ አሮጌ ላፕቶፕ ያቃስታል።

ደረጃ 6፦ ከውጭ የሚያመጣላችሁን ሰው አዘጋጁ

አብዛኞቻችን የምንገዛው ሰው ሲመጣ ነው። አክስት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጓደኛ ከዱባይ። ችግሩ ካሜራው በር ላይ ይደርስና ሳጥኑ ሳይከፈት ሁለት ወር ይቀመጣል። የመመለሻ ቀኑ ያልፋል።

በእኔ ደርሷል። ያገለገለ ካሜራ ውጭ ካለ አንድ ሱቅ አዘዝኩ፤ የአጎቴ ልጅ ለገና ይዛልኝ መጣች። ሳጥኑን የከፈትነው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከቦ እያየ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሩቅ ሕንፃ ሳየው ሁለቱ ምስሎች አይገጥሙም። ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ደርሷል፣ ምስሎቹ ግን አሁንም ጎን ለጎን ናቸው። የመመለሻው ጊዜ ካለፈ ሰነባብቶ ነበር። ለጥገና ከአገር ወጥቶ እስኪመለስ ክረምት ገባ።

ስለዚህ ካሜራው በደረሰ በማግስቱ ያ ሰው ሳጥኑን ይክፈት። በቪዲዮ ጥሪ አብራችሁ ሁኑ። ሦስት ነገር ብቻ አሠሯት ወይም አሠሩት፦ ሩቅ ነገር ላይ ሁለቱ ምስሎች መግጠማቸውን ትይ፣ አንድ የጋዜጣ ፎቶ ከቅርብ ታንሣ፣ አንድ የጠራ ሰማይ ፎቶ ታንሣ። ፎቶዎቹን ሳታሳንስ በፋይል ትላክላችሁ። በቴሌግራም ስትልክ «እንደ ፋይል» የሚለውን ትምረጥ፤ አለበለዚያ ፎቶው ይጨመቅና ምንም አታዩበትም።

ለጉዞው ካሜራው በእጅ ሻንጣ ይሁን። ትርፍ ባትሪዎች ወደ ጭነት ክፍል አይገቡም፤ አብረዋት ካቢን ይግቡ። የመንገደኛ ዕቃ የጉምሩክ ደንብ ስለሚለዋወጥ ደግሞ ከመነሣቷ በፊት ቦሌ ኤርፖርት ያለውን ጉምሩክ ጠይቁ። የግዢ ደረሰኙም በእጇ ይኑር።

ደረጃ 7፦ ካሜራውን ፈትሹ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ካሜራውን ከሰው እጅ የምትገዙም፣ ከውጭ የመጣላችሁም ይህን ሥሩ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ብርሃኑ ሳይከር፣ ብርሃን ያለበት የካፌ በረንዳ ላይ ተቀጣጠሩ። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሻጩ ከቸኮለ ሌላ ቀን ይሁን በሉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሀ. ሩቁን እዩ። የሌንሱን ቀለበት መጨረሻ ድረስ፣ የተጋደመች 8 የምትመስለው ምልክት ላይ አድርሱት። ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ፈልጉ። መሃል ከተማ ላይ ከሆናችሁ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ጠርዝ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ከማዘጋጃ ቤት በኩል ቸርችልን ቁልቁል ማየትም ይሆናል። በደማቋ አራት ማዕዘን ውስጥ ጠርዙ አንድ መስመር መሆን አለበት። ጎን ለጎን ሁለት መስመር ከታያችሁ ሬንጅፋይንደሩ ተዛብቷል። አንዱ ምስል ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ ደግሞ የቁመት መዛባት ነው። እሱ ፎከሱን አያሳስተውም፤ ዓይን ግን ያደክማል፣ ዋጋም ያስቀንሳል።

ለ. ቅርቡን እዩ። ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ ማስመሪያውን አጠገቡ አስቀምጡ። ከላይ በ45 ዲግሪ ገደማ ተመልከቱት። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። አንድ ርዕስ ላይ ከ70 ሳንቲሜትር ወይም ከአንድ ሜትር ፎከስ አድርጋችሁ አንሡ። ቀለበቱን ወደ ሩቅ መልሱና እንደገና ፎከስ አድርጉ። አምስት ጊዜ ድገሙት። ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ በ100 ፐርሰንት እዩ። አምስት ጊዜ የምናነሣው የእጃችሁን ስህተት ከካሜራው ስህተት ለመለየት ነው። አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ከወደቀ እጃችሁ ነው። አምስቱም ከርዕሱ ወደ እናንተ ባለው መስመር ላይ ጥርት ካሉ ካሜራው ወይም ሌንሱ ነው።

ሐ. ሌንስ ቀይሩ። የተዋሳችሁትን ሌንስ ግጠሙና «ለ»ን ድገሙ። በሁለቱም ሌንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳተ ጥፋቱ የቦዲው ነው። በአንዱ ብቻ ከሳተ የሌንሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ደህናውን ዕቃ ለጥገና ይልካል።

መ. ሴንሰሩን እዩ። ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሡ። ነጠብጣብ ካያችሁ በጎማው አየር ንፉና ድገሙ። የጠፋው አቧራ ነው። ያልጠፋና ዙሪያው ብሩህ ቀለበት ያለው ነጠብጣብ፣ በተለይ ኤም9 ላይ፣ የሴንሰር መስታወት መበላሸት ነው። እዚያ ላይ ድርድሩ ያበቃል። አመስግናችሁ ተነሱ።

ሠ. ሌንሱ ውስጥ አብሩ። ሌንሱን አውልቃችሁ ከኋላ በኩል የእጅ ባትሪ አብሩበት፤ ቀዳዳው ክፍት ይሁን። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው። እንደ ትንፋሽ ጉም የሸፈነው ከሆነ ምስሉን ያፈዘዋል። ጥቂት አቧራ ግን ምንም አይደለም።

ረ. ቀሪውን በፍጥነት። ሁሉንም የሻተር ፍጥነቶች ሞክሩ። ባትሪው በትክክል ቻርጅ ይቀበላል? መዘውሮቹ ላላ ይላሉ? የታች ክዳኑ ተጣሟል? ክዳኑ ከተጣመመ ካሜራው ወድቋል ማለት ነው፤ «ሀ»ን እንደገና በጥንቃቄ ሥሩ።

ደረጃ 8፦ ክፍያና ውል

ክፍያው ባንክ ውስጥ፣ በዝውውር ይሁን። ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንገድ ላይ መቁጠር አያስፈልግም። የሽያጭ ውል ጻፉ፦ የካሜራው ሞዴል፣ የቦዲና የሌንስ ሰሪያል ቁጥር፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የሁለታችሁ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ሰሪያል ቁጥሩን ከሳጥኑ ሳይሆን ከካሜራው ራሱ ላይ ገልብጡ፤ ከዚያ ከሳጥኑ ጋር አመሳክሩ። ካልተመሳሰለ ምክንያቱን ሳታውቁ አትክፈሉ። የተሰረቀ ዕቃ ከሆነ ብሩም ዕቃውም ከእጃችሁ ይወጣል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ወር

አንድ ሌንስ ብቻ። አሮጌውን ካሜራ አትሽጡ። ሶፍትዌሩን አድሱ። ክረምት ከሆነ ካሜራው በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አይደር፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ይጀምራል። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት። ሩዝ የሚያደርጉ አሉ፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ስለሚገባ አታድርጉ።

ማስጠንቀቂያ

አራት ኪሎና አካባቢው ስትሞክሩ ሌንሱን ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጥበቃዎች ወይም ወደ ወታደራዊ ቦታ አታዙሩ። «ሩቅ ሕንፃ እየፈተሽኩ ነው» የሚለው ማብራሪያ እዚያ አይሠራም።

ሬንጅፋይንደሩን በዩቲዩብ እያያችሁ ራሳችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። ሩቁን ስታስተካክሉ ቅርቡ ይዛባል፤ ሁለቱን አብሮ ማስያዝ መለኪያ መሣሪያ ይፈልጋል።

ለጥገና ስትልኩ ባትሪውን አውጡ። ሊቲየም ባትሪ በጭነት መላክ የራሱ ደንብ አለው፤ ዕቃው ሊመለስባችሁ ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

የሌንስ ክዳን ሳያወልቁ ማንሣት። በሌንሱ በኩል ስለማታዩ መስኮቱ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል፤ ፎቶው ግን ጥቁር ነው። ክዳኑን ቤት ትታችሁ ውጡ።

ጣት ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ መስኮት መሸፈን። ሁለተኛው ምስል ድንገት ከጠፋባችሁ ካሜራው አልተበላሸም፤ ጣታችሁን እዩ።

«አዲሱ ሊወጣ ነው» እያሉ መጠበቅ። ኤም9፣ 240፣ ኤም10፣ ኤም11 መካከል ያለው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። አዲስ ሲወጣ የቀድሞው ያገለገለ ዋጋ ይቀንሳል፤ እሱ እውነት ነው። ግን እስከዚያ የምታነሡት ዓመታት ያልፋሉ። ደረጃ 1ን እና 2ን ያለፈ ሰው የሚጠብቅ ከሆነ ሌንሱን ዛሬ ይግዛ፤ ዋጋው እንደ ቦዲ አይወርድም።

በትንሿ ስክሪን ፎከስን መፍረድ። ፎቶው በካሜራው ስክሪን ላይ ሁሌም ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። ወደ 100 ፐርሰንት አጉሉት፣ ወይም ላፕቶፕ እስክትከፍቱ አትደሰቱ፣ አትዘኑም።

50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ይዞ መጀመር። ሙሉ ተከፍቶ ከአንድ ሜትር ላይ ጥርት የሚለው ውፍረት ሦስት ሳንቲሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰውየው ትንፋሽ ሲስብ ዓይኑ ከፎከስ ይወጣል። ጀማሪው ካሜራውን ይወቅሳል። በ35 ኤፍ 2 ጀምሩ፤ ወደ 50 ኤፍ 1.4 በሁለተኛው ዓመት ሂዱ።